ረስተህ ነው እንጂ

«ኑኑ፣ ነጥብ መትቼባቸው ነበር አይደል?»

ኑሀሚን የግቢውን በር በክርኗ ገፍታ እየገባች ነበር። እጇ ላይ የተሣለው ሂና እንዳይበላሽባት ሁለቱንም መዳፎቿን ወደ ላይ ዘርግታለች፤ ከጓደኛዋ ከኢፍቲን ቤት እስከዚህ ድረስ እንዲሁ ሆና ነው የመጣችው፣ ባጃጅ ውስጥ እንኳ ሳታጥፋቸው። የአባቷን ጥያቄ ስትሰማ በሩ ላይ ቀጥ ብላ ቀረች።

አባቷ ሰይፈ ሚካኤል ከኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር ሣጥን ላይ ተቀምጧል። በአንድ እጁ ከሞተር የወጣ ብረት፣ በሌላው የብረቱን ክዳን ይዞ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ እያገላበጠ ያያል። ያስቀምጠዋል። ሌላ ያነሣል። እሱንም ያስቀምጠዋል።

«ምን ላይ አባ?»

«ቢየላዎቹ ላይ ነዋ! ከቀብር ስመለስ ታጥበው አገኘኋቸው። አስተጣጠባቸው ደግሞ ብታዪ፣ አዲስ ነው የሚመስሉት። ነጥብ ግን የላቸውም። አንዱም የለው።»

«እኔ እንጃ» አለች። «እኔ ቴስታታውን ብቻ ነው የጨረስኩት።»

ዋሸች። ውሸቱ ከአፏ ሲወጣ ምንም አልከበዳትም፤ የገረማትም ይኸው ነው።

ሰይፈ ሚካኤል ወጣትነቱን የጨረሰው በምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ነው። ያ ሥራ ካበቃ በኋላ ግቢውን ወርክሾፕ አደረገው። የሳቢያን ሰፈር ጋራዦች ሞተር ሲያወርዱ የቆሸሸውን ብረት ሁሉ ለእሱ ይልካሉ፤ እሱም በናፍጣ ዘፍዝፎ፣ በሽቦ ብሩሽ ፈትጎ፣ ጥቀርሻውን ልጦ፣ ከፋብሪካ እንደወጣ አድርጎ ይመልስላቸዋል። ቸኩሎ አያውቅም። «ሰይፈ ያጠበው ነው» ከተባለ ሜካኒኮቹ ደግመው አያዩትም፤ አንሥተው ይገጥሙታል።

ቢየላ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ፒስተኑን ከታች ካለው ዘንግ ጋር የሚያያይዘው ክንድ እሱ ነው፤ የታችኛው ጫፉ ለሁለት ይከፈልና አንደኛው ግማሽ ክዳን ሆኖ በብሎን ይታሰራል። አራት ቢየላ፣ አራት ክዳን። ሁሉም አንድ ዓይነት ይመስላሉ፤ ግን እያንዳንዱ ክዳን ከራሱ ቢየላ ጋር አንድ ላይ የተሞረደ ነው። የአንዱ ክዳን ለሌላው ከታሰረ በዓይን ምንም አይታይም። ሞተሩ ግን አንድ ቀን መንገድ መሃል ይነክስና ያልቅለታል።

ለዚህ ነው ሜካኒኮቹ ከመፍታታቸው በፊት ምልክት የሚያደርጉት። እነዚህን ቢየላዎች የላከው የሳቢያኑ ሜካኒክ ዋሪስ የሚስቱን የጥፍር ቀለም ነው የሚጠቀመው፦ ለመጀመሪያው ቢየላና ለክዳኑ አንድ ጠብታ፣ ለሁለተኛው ሁለት፣ እንዲህ እያለ። ሰይፈ ሚካኤል በቀለም አያምንም። ብረቱ ሲመጣለት ብሩሽ ከማንሣቱ በፊት የሚያደርገው ነገር፣ ቀለሙን እያየ በሹል ብረትና በትንሽ መዶሻ ነጥብ መምታት ነው። ከዚያ በኋላ አንዱን ቢየላ ያጥባል፤ ከክዳኑ ጋር ያስራል፤ ከዚያ ሁለተኛውን ያነሣል። ቢየላ ለማንም ሰጥቶ አያውቅም። ለኑሀሚን እንኳ።

የዚያን ቀን ቅዳሜ ጠዋት ቢየላዎቹን ናፍጣ ውስጥ ዘፍዝፎ ሹሉን ብረት ሊያነሣ ሲል የጎረቤት ቀብር ተጠራ። እጁን ታጥቦ ኮቱን ለበሰ።

«ቴስታታውን ጨርሺ። ሥራው ሳያልቅ የትም መሄድ የለም።»

«እንዴ አባ! ዛሬ እኮ የኢፍቲን እኅት ሂና ነው። ሐሙስ ዕለት እሺ ብለኸኛል!»

ሰይፈ ሚካኤል ኮቱን ግማሽ እንደለበሰ ቆመ። «ሐሙስ?»

«ረስተህ ነው እንጂ ብለሃል።»

ግንባሩን በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አደረገ። ለማስታወስ ሲሞክር እንዲያ ያደርጋል። «እንግዲህ ብያለሁ ካልሽ… ሥራው ሲያልቅ ትሄጃለሽ» አለና ወጣ።

አላለም ነበር። ሐሙስ ዕለት ስለ ሂና የሚባል ነገር ጭራሽ አልተነሣም።

ቴስታታውን፣ ማለትም የሞተሩን ራስ፣ እየተሳደበች ጨረሰችው። ጥቀርሻው ጥፍሯ ሥር ገብቶ እጇን የጋራዥ ሠራተኛ እጅ አስመሰለው። በዚህ እጅ ሂና! ሴቶቹ ሁሉ ሲያዩኝ ምን ይላሉ እያለች ስትነጫነጭ ዓይኗ የተዘፈዘፉት ቢየላዎች ላይ አረፈ። ሥራው ሲያልቅ ነው የተባለችው። የቀረው ሥራ ደግሞ ቢየላዎቹ ናቸው። አባቷ ከቀብር መቼ እንደሚመለስ ማን ያውቃል? ሲያጥብ እያየች ነው ያደገችው፤ ምን ያቅታታል?

ናፍጣው ቶሎ አላስለቅቅ አላት። መደርደሪያው ላይ ቲነር ነበር። ሁሉንም በአንድ ሳፋ አድርጋ ቲነሩን ገለበጠችበት። ደስ ሲል! የስንት ዓመት ጭቅቅት እጇ ውስጥ እየቀለጠ ወረደ። ብረቱ እያበራ ሲመጣ እንደውም ትንሽ ኮራች፤ አባቷ ሲያይ የሚለውን እያሰበች በሆዷ ሳቀች። የምትወለውልበት ጨርቅ ሮዝ ሆኖ ስታየው ነው የገባት።

ቀለሙ ለቋል። ጠብታዎቹ የሉም።

ቢየላዎቹን እያነሣች ፈለገች። አንዱ ላይ እንኳ የቀረ ነገር የለም። ክዳኖቹን የመሰላትን ከመሰላት ጋር አድርጋ ካርቶን ላይ ደረደረች፤ በተረፈው ቲነር እጇን ታጠበች። በሩን ስትዘጋ አንድ ሐሳብ መጣላት፤ መጥፎ ሐሳብ መሆኑንም ያኔውኑ አውቃዋለች። ግን ባጃጅ አቁማ ገባች።

አሁን ይኸው አባቷ ፊቷ ተቀምጦ የማይገኝ ነጥብ ይፈልጋል።

«እኔ ነኝ ማለት ነው ያጠብኳቸው?» አለ፣ ለራሱ። «ነጥብ ሳልመታ?»

ኑሀሚን እጄን ልታጠብ ብላ ወደ ቤት ገባች። ሂና የተሣለ እጅ እንደማይታጠብ አባቷ ቢያውቅ ኖሮ እንኳ የዚያን ሰዓት አይሰማትም ነበር።

እናቷ ዘነበች ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ፈረቃዋን ጨርሳ ስትመጣ እሱ ከሣጥኑ ላይ አልተነሣም። ምን እንደሆነ ጠየቀችው፤ ነገራት። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እንዳለ ረስታ ቆማ አዳመጠችው፤ ከዚያ የታመቀው ሁሉ ወጣ።

«እኔ መናገር ደከመኝ! ይኼ ሥራ ይቅርብህ አላልኩም? የቤቱን ቁልፍ ቤተ ክርስቲያን ጥለህ መጣህ። የልጅቷን የወላጆች ስብሰባ ረሳህ፤ እሷ አፏን ሞልታ ነግራህ! የስልክህን ካርድ ራስህ ጨርሰህ ማን ወሰደው ትላለህ። ዛሬ ደግሞ የሰው ሞተር! የሰው ሕይወት እኮ ነው ሰይፈ!»

ኑሀሚን በመስኮቱ እየሰማች ነበር። ስብሰባውን አልነገረችውም፤ ሒሳብ ስለወደቀች። አስተማሪው ደውሎ ለምን ቀሩ ሲለው «ነግሬህ ነበር እኮ፣ ረስተህ ነው እንጂ» አለችው። ካርዱንም የጨረሰችው እሷ ናት፣ ከኢፍቲን ጋር ስታወራ። «ራስህ አይደል እንዴ ለአጎቴ የደወልክበት?» አለችው፣ እሱም ግንባሩን እያሸ «ይሆናል» አለ። እንዲህ ያለ ቀላል ነገር የለም ነበር። አባቷ አይጮኽም፣ አይማታም፣ አያጣራም። የምትለውን ያምናታል።

«ትክክል ነሽ» አለ ሰይፈ ሚካኤል፣ ከግቢው። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። «እናቴንም እንዲህ ነው የጀመራት። መጀመሪያ ዕቃ መርሳት ነበር። በኋላ ጉልበቷ ሥር ተቀምጬ የማን ልጅ ነህ አለችኝ።»

ዘነበች ንዴቷ ወዲያው በረደ። «እንዲህ አትበል» አለች።

«አሁን ትዝ እያለኝ ነው። ከቀብሩ በፊት፣ እዚህ ተቀምጬ፣ ሁሉንም በአንድ ሳፋ አድርጌ… የቲነሩ ሽታ ራሱ ትዝ ይለኛል።»

ሽታውማ ገና ከሳፋው አልለቀቀም ነበር፤ ግቢው በሙሉ ይሸታል። ኑሀሚን አባቷ ያላደረገውን ነገር ሲያስታውስ በጆሮዋ ሰማች። አልጋዋ ላይ ቁጭ አለችና ያለችበት ጠፋት። ሄጄ ልንገረው አለች። እግሯ አልሄደም።

እሁድ ሰይፈ ሚካኤል ብረት ነካ። እሁድ ብረት ነክቶ የማያውቅ ሰው ከቤተ ክርስቲያን መጥቶ ነጠላውን እንኳ በወጉ ሳያጥፍ ክዳኖቹን እያፈራረቀ ለመግጠም ሲታገል ዋለ። በጥፍሩ ይዳስሳል፣ ወደ ጆሮው አስጠግቶ ያንቀሳቅሳል፣ ይፈታል፣ ያስራል። ምሳ ቀርቦለት ቀዘቀዘ።

ሰኞ በዕረፍት ሰዓት ኑሀሚን ለኢፍቲን ነገረቻት። የስብሰባውንና የካርዱን አልነገረቻትም፤ የቢየላዎቹን ብቻ።

«ናያ! አብደሻል?» አለች ኢፍቲን። «ልትነግሪው? ወላሂ ዝም በይ። ትልቅ ሰው ይረሳል፣ ምንም አይሉትም። አንቺን ግን ለእኅቴ ሠርግ አይለቁሽም። የሠርግ ድሪያሽን በሙሉ አዘጋጅተን! አቦ፣ ይኼ እሁድ ይለፍ።»

«ተጨንቋል እኮ።»

«ይረሳዋል» አለች ኢፍቲን፣ ሳቋ መጣና። ክፋት የላትም፤ አባባሏ ብቻ ነው። ኑሀሚን ግን አልሳቀችም። ቅዳሜ በሩ ላይ የመጣላትን ሐሳብ በሌላ ሰው አፍ የሰማችው መሰላት።

ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የዋሪስ ባጃጅ በሩ ላይ ቆማለች። ዋሪስ ግቢው ውስጥ ነው፤ ክንዱ እስከ ክርኑ ዘይት ነው። እናቷ የበሩ መቃን ላይ ተደግፋለች። አባቷ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፤ ለምን እንደለበሰ ኑሀሚን ቶሎ አልገባትም።

«ዋሪስ፣ በድዬሃለሁ» ይላል አባቷ። «ምልክቱን አጥፍቼዋለሁ። የትኛው የማን እንደሆነ ልለየው አልቻልኩም። እንዳትገጥመው።»

ዋሪስ አንዱን ቢየላ አንሥቶ አገላበጠ። ፊቱ ላይ የታየው ንዴት አልነበረም፤ ንዴት ቢሆን ይሻል ነበር። ሐዘኔታ ነው። «አብሽር ጋሽ ሰይፈ። ቶርኖ ቤት እወስደዋለሁ፣ እንደ አዲስ ይሞርዱታል። ያው ባለ ሚኒባሱ ዋበሪ መኪናው ቆሞበት መጮኹ አይቀርም፤ የመልካ ጀብዱ መንገደኛም አይጠብቀውም። ግን ምን ይደረግ… ዕድሜ ነው።»

«ዕድሜ ነው» አለ አባቷ። «ከእንግዲህ አትላክልኝ። ለሌሎቹም ንገራቸው። ሰው ከመግደሌ በፊት ላቁም።»

«እኔ ነኝ!» አለች ኑሀሚን።

ሦስቱም ዞሩ። የትምህርት ቤት ቦርሳዋን እንደያዘች መሃላቸው ገብታ ነበር። «እኔ ነኝ ያጠብኳቸው። አባ አይደለም። ቅዳሜ እሱ ቀብር ሄዶ እያለ፣ በቲነር፣ ቀለሙ ለቀቀ፣ ከዚያ…»

ዋሪስ ፈገግ አለ። «ማሻአላህ» አለ። «ጋሽ ሰይፈ፣ ይቺን ልጅ አላህ ያቆይልዎት።»

«እውነቴን ነው!»

እናቷ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። «አየህ» አለች ለባሏ፣ እንባ እያነቃት። «ልጅቷ እንኳ ልትሸፍንልህ ስትል…»

«እየሸፈንኩለት አይደለም! እማ ስሚኝ!»

«ነይ ኑኑ።» አባቷ እጇን ያዘና ወደ ራሱ ሳባት። መዳፏ ላይ ያለው ሂና ቀይ ቡኒ ሆኖ ደምቋል፤ ለአፍታ አየው። «ለእኔ ብለሽ አትዋሺ። ለማንም ብለሽ ውሸት አትልመጂ። ማጠቤን አስታውሳለሁ አላልኩም? ራሴ ነኝ።»

ምን ትበል? እሱ ያስታውሳል። እሷ ናት እንዲያስታውስ ያደረገችው። ደግማ «እኔ ነኝ» አለች፤ ሦስተኛ ጊዜ ስትለው ለራሷም የደግ ልጅ ውሸት መሰላት።

አባቷ ከሣጥኑ ላይ ተነሥቶ ሣጥኑን ከፈተ። የሽቦ ብሩሾቹን፣ ጥቀርሻ መላጫውን፣ ትንሿን መዶሻና ሹሉን ብረት አንድ በአንድ አውጥቶ በማዳበሪያ ከረጢት ከተተ። ለዋሪስ ሰጠው። «ለልጆችህ ይሁናቸው።»

«ኧረ ጋሽ ሰይፈ! ይሄማ አይሆንም።»

«ውሰደው ብዬሃለሁ።»

ዋሪስ ወሰደው። አንዴ ብቻ ነው እምቢ ያለው። ከረጢቱን ከቢየላዎቹ ጋር ባጃጁ ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለና ሄደ። ዘነበች ፊቷን ልትታጠብ ገባች።

ሰይፈ ሚካኤል ባዶው ሣጥን ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አኖራቸው። ጥፍሮቹ ሥር ያለው ጥቁር ዘይት ከኑሀሚን ልደት በፊት የነበረ ነው፤ በምንም አይለቅም። ሸሚዙን የለበሰው ሥራውን ለማስረከብ እንደሆነ አሁን ገባት።

ቦርሳዋን አውርዳ መሬቱ ላይ፣ እግሩ አጠገብ ተቀመጠች። እጁን ጭንቅላቷ ላይ አደረገ።

«አይዞሽ» አለ። «እንደ እናቴ ቢሆንብኝ እንኳ አንቺን አልረሳሽም።»

ያን ጊዜ ለምን እንዳላመኗት ገባት። የተናገረችው ነገር አባቷን የምትወድ ልጅ የምትናገረው ነበር። ያልተናገረችውን ግን ማንም ልጅ ፈጥሮ አያወራም። እሱን ከተናገረች ያምናታል፤ ካመናት ደግሞ ይህ እጅ ጭንቅላቷ ላይ አይቆይም። የእሁዱ ሠርግ ትዝ አላትና አሳፈራት። ጭንቅላቷን ከእጁ ሥር አላወጣችም።

«አባ፣ ሐሙስ እሺ አላልከኝም።»

«የምን ሐሙስ?»

«ሂናው። ጭራሽ አልጠየቅኩህም። ረስተህ ነው ያልኩህ ውሸቴን ነው።»

ነፃ እጁን ወደ ግንባሩ አነሣና መልሶ አወረደው።

«የወላጆች ስብሰባውንም አልነገርኩህም። ሒሳብ ወድቄ ነው። ካርድህንም እኔ ነኝ የጨረስኩት፣ ለአጎቴ አልደወልክም። ረስተህ ነው ስልህ ታምነኛለህ፤ ስለምታምነኝ ነው የምልህ።»

«ተይ ኑኑ።»

«ቅዳሜ ቢየላዎቹን አጥቤ ስወጣ ፈርቼ ነበር። ከዚያ በሩን ስዘጋ ምን እንዳልኩ ታውቃለህ? ‹ደግነቱ ይረሳል› ነው ያልኩት። ከዚያ ሂና ልሠራ ሄድኩ። ስመለስ ነጥብ ስትፈልግ አየሁህ፤ አይቼህ ዝም አልኩ።»

እጁ ከጭንቅላቷ ላይ ተነሣ። ቀስ ብሎ ነው ያነሣው። ኑሀሚን ቀና ብላ ለማየት አልደፈረችም፤ የአባቷን ጫማ እያየች ተቀመጠች። ከውጭ ባጃጅ አለፈ። ከቤት ውስጥ የውኃ ድምፅ ይሰማል።

«ቲነሩን ከየት ነው ያነሣሽው?» አለ በመጨረሻ።

«ከላይኛው መደርደሪያ። ሣጥኑ ላይ ቆሜ።»

«ሁሉንም በአንድ ሳፋ?»

«ሁሉንም።»

ረጅም ትንፋሽ ሲያወጣ ሰማችው። ኑኑ አላላትም። ልጄም አላላትም። ሲናገር ድምፁ ደረቅ ነበር፤ እንዲህ ባለ ድምፅ አናግሯት አያውቅም።

«ቁልፉስ?»

«የምን ቁልፍ?»

«ቤተ ክርስቲያን ጥዬ የመጣሁት። እሱንም አንቺ ነሽ?»

አሁን ቀና አለች። አባቷ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ዓይን ዓይኗን ያያል። ተቆጥቷል፤ ግን ከቁጣው ሥር ሌላ ነገር አለ፣ ልመና የሚመስል። አዎ እንድትለው ይፈልጋል። አዎ ብትለው ቀላል ነው፤ ይህችን አንዲት ውሸት ብትጨምርለት ዛሬ በሰላም ይተኛል።

«አይደለሁም አባ» አለች። «ቁልፉን አንተ ነህ የረሳኸው።»

«እሱስ የእኔ ነው» አለና አንገቱን ነቀነቀ። ከግንባሩ ላይ መነጽሩን አውርዶ አጠፈውና ኪሱ ከተተው።